ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገባ ልብስ

ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናኑ በላች ማለት ነው እያልኩ። በየማለዳው ከቁስቋም ቁልቁል ወርጄ እስር ቤቱ በር ላይ ከሴቶቹ ጋር እሰለፋለሁ፤ ዘበኛው የልጅ ልጄን ስም ሲጠራ የያዝኩትን እሰጠዋለሁ፤ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ተቀብዬ ዳገቱን እመለሳለሁ። ክዳኑን መንገድ ላይ ከፍቼ አያለሁ። ባዶ ነው። ተመስገን እላለሁ። ያን ቀን ጉልበቴም አያመኝም።

ይህ ተመስገን ያለቀው በእቴነሽ ልጅ ነው። እቴነሽ ሁልጊዜ ከፊቴ የምትቆም ዝምተኛ ሴት ነበረች። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ለልጇ ስታመላልስ ከርማ፣ ዕቃዋም ሙልጭ ብሎ ሲመለስላት ከርሞ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ዘበኛው የልጇን ስም ዘለለው።

«ምነው? የኔን ዘለልከው እኮ» አለችው።

«እሱ እዚህ የለም። ጾሙ ሳይገባ ነው የሄደ።»

ወዴት እንደሄደ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችው። በዚያን ጊዜ «ሄደ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስም ክልክል ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሰልፉን ለቃ ወጣች። እኛ ምን እናድርግ፤ ቦታዋ ባዶ ሆነና አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋን።

ያን ዕለት የተሰጠኝን ዕቃ ክዳኑን ሳልከፍት ቤቴ ገባሁ። ጾሙን ሙሉ የእቴነሽን ሽሮ ማን ሲበላው ከረመ? የኔንስ አሁን ማን እየበላው ነው?

እናኑን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ በወሊድ ስትሞትብን ልጄ ደመቀ ጨቅላዋን በፎጣ ጠቅልሎ እቅፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከዐይኔ አልራቀችም። ስታስል አብሬ እነቃለሁ። ትምህርት ቤት ስትሄድ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር በር ላይ እቆማለሁ። «እምዬ፣ እኔን ስታዪ ዐይንሽ ሊያልቅ ነው» ትለኝ ነበር። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ፣ ቁመቷ ከእኔ በልጦ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ ለእኔ ያው ጨቅላ ነበረች። ጥምቀት ሊደርስ ሲል ከትምህርት ቤት በር ላይ ከጓደኞቿ ጋር በዩኒፎርሟ እንዳለች ወሰዷት። በማግስቱ ቤታችንን ሊፈትሹ መጡና ሳጥኗን ከነልብሷ ከነደብተሯ ጭነው ሄዱ። ምን እንዳገኙበት የነገረን የለም።

ደመቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የልጁን ስም በአፉ አልጠራም። ሰኞ ሰኞ ውይይት ክበብ ይሄዳል፤ ያጨበጭባል፤ ይመለስና አፈር እንደቀመሰ ሰው አፉን ይጉመጠመጣል። ፈታሾቹ የተዉትን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ጓሮ አቃጠለው፤ የስኳር መጠቅለያ እንኳ አላስተረፈም። ከእናኑ ፍራሽ ሥር አንድ መጽሔት ስቦ ሲያወጣ ግን እጁን ያዝኩት።

«ልቀቂኝ እምዬ። የፈረንጅ ጽሑፍ ነው።»

«የልብስ ነው! ሴትዮዋን አታይም?»

«የየት አገር እንደሆነች በምን አውቃለሁ? የኢምፔሪያሊስት ብትሆንስ?»

«ብትሆንስ! ሸሚዝ ነው የለበሰች፤ መትረየስ አልያዘች።»

ሳያስበው ሊስቅ አለና ተወልኝ። መጽሔቱ ውስጥ የልብስ ቅድ የታተመበት ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ነበረ፤ የብዙ ልብስ መስመር አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተደራረበበት። እናኑ ከዚያ መሐል የአንዲት ሸሚዝ መስመር ብቻ መርጣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ገልብጣ ቆርጣዋለች። «ፊት»፣ «ጀርባ»፣ «እጅጌ» ብላ በእርሳስ ጽፋበታለች። አብሮም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ፖፕሊን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለጥምቀት ልትለብሰው ነበር። ሁሉንም ጠቅልዬ ከራሴ ልብስ ሥር ከተትኩት።

ከእቴነሽ ነገር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው ዘበኛው አዲስ ትእዛዝ ይዞ በሩ ላይ የቆመው። ዳኛው ይባላል፤ ከገጠር የመጣ፣ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ የሚመረኮዝ ጎልማሳ ነው።

«ስሙ! ከእንግዲህ ልብስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገባል። ንጹሑን ትሰጣላችሁ፤ በሳምንቱ እድፉን ትወስዳላችሁ። ኪስ ያለው፣ ገበር ያለው፣ ድርብ ኮሌታ ያለው እንዳታመጡብኝ፤ እተረትረዋለሁ። ወረቀት የተገኘበት ደግሞ አምጪዋም እዚሁ ታድራለች።»

«አያ ዳኛው» አለች ከኋላዬ ሽታዬ፣ «ኪሱን ምን ይሠራልናል ብለህ ነው? የምንከትበት ነገር ተርፎን ነው?»

ሴቶቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሽታዬ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ናት። ልጇ ሰብለ ወንጌል ከተማ ቤት ተከራይታ ስትማር ነው የተያዘች። ሽታዬ ለልጇ ስትል ገበያዋን ጥላ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ምላሷ መርፌ ነው፤ ዳኛው እንኳ አንዳንዴ እሷን ላለመስማት የልጇን ስም ቀድሞ ይጠራላታል።

እኔ አልሳቅሁም። የዳኛው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ «በሳምንቱ እድፉን።» ምግብ ማንም ይበላዋል። ዘበኛውም ይበላዋል፣ የዘበኛው ውሻም ይበላዋል። የሴት ልጅ ሸሚዝ ግን ከነላቡ ተመልሶ ከመጣ የለበሰችው አለች ማለት ነው። እንደሄደ ንጹሑን ከመጣ ደግሞ... ይህን አሳቤን እዚያ ላይ ቆረጥኩት።

ልብሷን ሁሉ ሳጥኗ ይዞት ሄዷል። ሹራብ ብሰድ ወንዱ ይለብሰዋል፤ ነጠላ ብሰድ ማንም ይደርበዋል። በልኳ የተሰፋ፣ ከእሷ ሌላ ለማንም የማይሆን ልብስ ያስፈልገኛል። ሰፊ ዘንድ ልውሰደው ብል ደግሞ፣ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ የሚጠይቀው «ለማን ነው?» ብሎ ነው። ምን እለዋለሁ? ስለዚህ ራሴ ልሰፋው ቆረጥኩ።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። ዳዊት እደግማለሁ፤ ቁጥር አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ግን የለኝም። ከሥዕሉ ጎን የተጻፈ ጽሑፍ ሞልቷል። ደመቀን «እስቲ ምን ይላል?» ብዬ መጽሔቱን ከነወረቀቱ ብዘረጋለት ፊቱን አዞረ።

«እምዬ፣ እባክሽ አታሳይኝ።»

«የምትፈራው ምኑን ነው? ሸሚዝ ነው!»

«አታሳይኝ አልኩሽ።»

ተቀየምኩት። የመንግሥት ሰው ሆኖ ለሸሚዝ ይፈራል አልኩ በልቤ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ዐይኑ ያረፈው «ጀርባ» ብላ በጻፈችው በእጅ ጽሕፈቷ ላይ ነበር።

ፖፕሊኑን አልጋ ላይ ዘረጋሁ። ወረቀቱን ከላዩ አነጠፍኩ፤ እንዳይንሸራተትብኝ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩትና መቀሱን በወረቀቱ ጫፍ በጫፉ አስኬድኩት። አንዲት ክር ታህል ወደ ውስጥ አልገባሁ፣ ወደ ውጭ አልወጣሁ። እጇ የቆረጠው ነውና ከእሱ ማለፍ ድፍረት መሰለኝ። የእኛ ዘመን ቀሚስ እንዲህ አልነበረም። ከሸማኔ የመጣው ወርድ እንዳለ ከጎኑ ይሰፋል፤ ሁለት ሰው ቢገባበትም አይናገር። ትንሽ ቢሰፋ መቀነት አለ። ይህ የፈረንጅ ልብስ ግን ገላን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ለዚያ ነው እንዲህ የተጠነቀቅሁት።

ሸሚዟ ኮሌታ የላት፣ ኪስ የላት፣ ገበር የላት። እናኑ ስትመርጣት ለጀማሪ ትቀላለች ብላ ይሆናል፤ ለዳኛውም እጅ የምትመች ሆና ተገኘች። በር ዘግቼ በእጄ ሰፋኋት። የሰው ኮቴ ስሰማ ሥሬ አድርጌያት እቀመጥባታለሁ። የታችኛውን ጠርዝ አጥፌ ብሰፋው «ወረቀት ደብቃለች» ይለኝ ይሆን? ሳላጥፈው ብተወው ይተለተላል። አንዴ ብቻ፣ ቀጭን አድርጌ አጠፍኩት። ደግሞ ሌላ ጭንቀት፤ እጅጌው አጭር ነው፣ ይበርዳት ይሆን? ግንቦት ነው፣ አይበርዳትም። ሲሚንቶ ላይ ከተኛች ግን ግንቦትም ይበርዳል። እንዲህ ስል፣ ስፈታ፣ መልሼ ስሰፋ ቅዳሜ ደረሰ።

በሰልፉ ላይ ሸሚዟን ከነጠላዬ ሥር ሳወጣ ሽታዬ አንገቷን አሰገገች።

«እሰይ እትዬ አማረች! የዘበኛ ሚስት ዘንድሮ አማረባት በይኛ!»

«ምላስሽን እግዜር ይያዘው። አንቺስ ለሰብለ ወንጌል ምነው ምንም አልያዝሽ?»

«እኔ ምግቡ ይበቃኛል።»

«ትቀይረው ልብስ አያስፈልጋትም?»

«ምግቡ ይበቃኛል አልኩሽ!» አለችና ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። ቀልድ አልነበረበትም። የኔን አሳብ ቀድማኝ አስባው፣ ፈርታ የተወችው መሆኑን ያኔ ዐወቅሁ።

ዳኛው ሸሚዟን ተቀብሎ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ በጣቱ ዳበሰው። እጅጌዎቹን ገለበጣቸው። ወደ ፀሐይ አንሥቶም አየ።

«ማን ሰፋው?»

«እኔው።»

«በእጅ? ዐይንሽ ደህና ነው ማለት ነው» አለና ከልብሱ ክምር ላይ ወረወረው። ሰማያዊው ከላይ ታየኝ፤ ሌላ ልብስ ተጣለበትና ጠፋ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ምግቡን አደርሳለሁ፤ ባዶ ዕቃዬን እቀበላለሁ፤ ባዶው ዕቃ ግን ከእንግዲህ ወዲያ ምንም አይነግረኝም። ደመቀ እኔን ላለማየት በጊዜ ይወጣል፤ እኔም እሱን ላለማየት ጓሮ እውላለሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እናኑ ደመቀ!»

ስሟ ሲጠራ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ዳኛው ከውስጥ የወጣውን ልብስ አገላበጠና ሸሚዟን አቀበለኝ። ተጣጥፋለች። ንጹሕ ናት። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው።

«ለበሰችው?» አልኩት።

«እኔ አቀባይ ነኝ እናት፤ አልባሽ አይደለሁ። ቀጣይ!»

«አለች ወይ?» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ቢመልስልኝስ? አፌን ዘጋሁት።

ሽታዬ ሸሚዟን አየቻት። ምነው ያኔ አንድ ክፉ ነገር በተናገረች። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስዳ፣ ሰልፏን ትታ፣ ክንዴን ይዛ እስከ ዳገቱ ግማሽ ሸኘችኝ።

ቤት ገብቼ ሸሚዟን ሳልዘረጋት አልጋ ላይ አስቀመጥኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ይደረጋል? ለቅሶ የት ይለቀሳል? ጎረቤት ቢሰማ ለቀበሌ ይነግራል። ጥቁር ቢለበስ ማን ሞቶባችሁ ነው ይባላል። ልጄስ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራ ዛሬ? ቅዳሜ ነው፣ በግማሽ ቀን ይመጣል። ሲመጣ ምን እለዋለሁ?

ምንም ማለት አላስፈለገኝም። ደመቀ ከደጅ ገባ፣ ሸሚዟን አየ፣ ቆመ።

«እንዲሁ ተመለሰ?»

«እንዲሁ ተመለሰ።»

ከዐይኔ ሊያርቅልኝ ብሎ በትከሻዋ በኩል ብድግ አደረጋት። ተዘረጋች። ጎንና ጎኗ ስፌቱ ተከፍቶ ከብብት እስከ ወገብ ገደል ሆኗል። ከእጅጌዋ ደግሞ አንድ ቡናማ ብጣሽ ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይኼ አረመኔ ተርትሮታል» አለ ደመቀ።

«ስጠኝ እስቲ!»

ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኳት። ምላጭ የቆረጠው ክር ጫፉ ድፍን ነው፤ በጉልበት የተበጠሰ ክር ግን ጫፉ እንደ ድመት ጭራ ይበተናል። ይህኛው ተበትኗል። መርፌዬ የገባባቸው ቀዳዳዎችም ተለጥጠው፣ የፖፕሊኑ ክር ከቦታው ሸሽቷል። ጀርባዋ ላይም ከትከሻው ሥር እንዲሁ ነው።

«ምላጭ አይደለም። ገላ ነው የበጠሰው። ሰው ሊለብሳት ሞክሮ ጠባው ነው!»

«የዘበኛ ሚስትስ ብትሆን የሞከረችው?» አለ ደመቀ በቀስታ። ተስፋ ማድረግ ከእኔ ይልቅ እሱን ያስፈራው ነበር።

«ያን ጨርቅ አንሣልኝ።»

ቡናማውን ብጣሽ አነሣው። የዩኒፎርም ጨርቅ ነው፤ ከቀሚስ ጫፍ የተቀደደ።

«እዚያ የታሰረ ተማሪ ሁሉ ይህንኑ ነው የለበሰ» አለ።

እኔ ግን የጨርቁን አቆራረጥ ነበር የማየው። በጥርስ ነው የተቀደደው፤ ዳሩ ተቦጫጭቋል። ግን እንዲያው ብጣሽ አልነበረም። አንድ ጫፉ ሰፋ ይላል፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየጠበበ ይሄዳል። ሸሚዟን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሰፊውን ጫፍ ከብብቷ አደረግሁት፣ ጠባቡን ወደ ወገቧ አወረድኩት። ከላይ እስከ ታች ገጠመ፤ አልተረፈ፣ አልጎደለ። የዘበኛ ሚስት ለእኔ የጎኗን ልክ ቀዳ አትልክልኝም። ይህን ያህል ጎደለኝ፣ እዚህ ጋ ጨምሪልኝ የምትለኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ወረቀት በሚከለከልበት ቤት ዳኛው ጨርቁን አይቶ ጨርቅ ነው ብሎ አሳለፈው።

ደመቀ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በጣቱ ነካው። ከዚያ «መጽሔቱ የት አለ?» አለኝ።

አውጥቼ ሰጠሁት። ገጹን በጣቱ ተከትሎ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ቅዱ የስፌት ትርፍ የለውም ይላል። ስትቆርጡ ስፌት ለሚበላው በዙሪያው አንድ ጣት ያህል ትርፍ ጨምሩ ይላል።»

«ምነው ታዲያ መቀሱን ሳላነሣ አላነበብህልኝም!»

«እናኑ ታውቅ ነበር» አለ። «እሷ ብትቆርጠው ኖሮ ትጨምር ነበር። እናኑ...»

ከጥር ወዲህ ስሟን ሲጠራ ስሰማው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ጓዳ ገብቶ ሲወጣ ነጭ ሸሚዙን ይዟል፤ ለበዓል ብቻ የሚለብሳትን።

«ፖፕሊኑ አልቋል አይደል? ከዚህ ቁረጪ።»

«ልጄ፣ ሌላ የለህም እኮ።»

«ቁረጪ አልኩሽ እምዬ!»

ቆረጥኩ። የእናኑን ቡናማ ጨርቅ ነጩ ላይ አንጥፌ፣ በዙሪያው ትርፍ ጨምሬ። ደመቀ መጽሔቱን ይዞ ከፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ መርፌ ባነሣሁ ቁጥር «ቆይ፣ ይህን ላንብብልሽ» እያለ አሰለቸኝ። የቁልፉን ቀዳዳ አሠራር ሳይቀር አነበበልኝ። ቁልፍ መትከል ከደመቀ ልማር!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳኛው ነጩን ጎን በጣቱ ጎተት አደረገው።

«ይኼስ ከየት መጣ?»

«ጠቧት ነው፤ አሰፋሁት።»

«እዚህ ቤት የወፈረ ሰው ገና አላየሁ» አለ። ስፌቱን ከሌላው ቀን አጥብቆ ዳበሰ። በመጨረሻ ወረወረው፤ ወደ ውስጥ።

በሳምንቱ ስሟ ሲጠራ የተሰጠኝ የተጠቀለለ ነገር ነበር። አንገቷ ጠቁሯል። ብብቷ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። አንደኛው ቁልፍ ክሩ ላልቷል። እዚያው በሰልፉ መሐል አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት፤ የሲሚንቶ ይሸታል፣ የብዙ ሰው ይሸታል፣ ከሁሉ በታች ደግሞ እሷን ይሸታል። ተመስገን አልኩ። ዘወር ስል ሽታዬ እጄን ታያለች። ፊቴን አላየችም፤ እድፉን ነው ያየች።

ሸሚዟን አጥቤ አጥሩ ላይ ባሰጣኋት ቀን፣ ፀሐይ ገና ዘቅዘቅ ሳትል፣ ሽታዬ ቤቴን እያጠያየቀች መጣች። ተቀመጪ ብላት በሩ ላይ ቆመች። ከብብቷ ሥር ቢጫ ጨርቅ ይዛለች፤ ከገበያ የገዛችው፣ ገና እጥፉ ያልወጣለት።

«እትዬ አማረች፣ ለሰብለ ወንጌልም ቁረጪላት።»

የኔ ነገር ደህና ሆነልኝ፤ የእሷ ባይሆንስ? እኔ በሰፋሁት ልብስ ክፉ ብትሰማስ?

«ምግቡ ይበቃኛል አላልሽም ነበር?»

«ብዬ ነበር።» እንጨት ሆኖ የደረቀ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ያንቺን እድፍ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝ። ምግቡ አልበቃኝም።»

ወንበር ሰጠኋት። ቢጫውን ተቀብዬ አልጋው ላይ ዘረጋሁት፤ የእናኑን ወረቀት አወጣሁ።

«ልኳ ስንት ነው? ከእናኑ ትቀጥናለች?»

«እኔ ምን አውቄ! እህል ነው የምሰፍር፤ ልጅ ሰፍሬ አላውቅ።»

«ቁመቷንስ?»

ተነሣችና ዐይኗን ጨፍና እጆቿን ወደፊት ዘርግታ በባዶው ላይ ከበበቻቸው። ጣትና ጣቷ ተገናኙ። «ሳቅፋት እጄ እዚህ ይገናኛል» አለችኝ። «ራሷ እዚህ፣ አገጬ ሥር ነው። እንደቆምኩ ለኪኝ፤ አልነቃነቅም።»

ሜትሩን ከክንዶቿ ውስጥ አዞርኩት። ውስጡ አየር ነው። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ቀጭን ልጅ ናት።

እጇን ካወረደች በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሽታዬ፣ እንደሄደ ንጹሑን ቢመለስስ? አስበሽዋል?»

«ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? እሷ ካልለበሰችው እኔ እለብሰዋለሁ። ጥቁር መልበስ ከለከሉ እንጂ ቢጫ አልከለከሉ። ገበያ መሐል ለብሼው እቀመጣለሁ፤ የሚያይ ሸሚዝ ነው ይበል፤ እኔ ምን እንደለበስኩ አውቃለሁ።» ጨርቁን በጣቷ ነካ አደረገችው። «እንግዲህ ለእኔም እንዲሆን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው።»

ሽታዬ ሰፊ ሴት ናት፤ ክንዷ የእናኑን ጭን ያህላል። ወረቀቱን ቢጫው ላይ አነጠፍኩ። በልጇ ልክ በሳሙና ቁራጭ መስመር አወረድኩ። ከዚያ ውጭ ለእሷ የሚሆነውን ደግሞ በዐይኔ ገመትኩት፤ በሁለቱ መሐል ብዙ ጨርቅ ነበር። መቀሱን ይዤ ቆየሁ። እሷም እጄን ታያለች።

ለስፌቱ የሚሆነውን አንድ ጣት ትርፍ ብቻ ጨምሬ፣ በልጇ መስመር ዳር ዳር መቁረጥ ጀመርኩ።

«ጠበበ እኮ!» አለችኝ። «እኔን አያስገባኝም።»

«ለሰብለ ወንጌል ነው የምሰፋው» አልኳትና መቀሱን ሳላቆም ቀጠልኩ።